የሸሸ ፈረስ ሲመለስ

ቶተንሃም ሆትስፐር በሜዳው በሚጫወትበት ቀን ከሰቨን ሲስተርስ ጣቢያ የሚወጣው ሕዝብ ማለቂያ የለውም። ደጋፊው ከምድር ውስጥ ባቡር ወጥቶ ሃይ ሮድ ላይ ሲደርስ ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞርና 62,850 መቀመጫ ወዳለው ስታዲየም በእግሩ ያዘግማል። መንገዱ በዘፈን ይሞላል። የቢራ ጣሳ ከእግር ሥር እየተንኳኳ ይንከባለላል፣ አምቡላንስ ይጮኻል፣ ቀዩ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ፍሬን ሲይዝ ይሰቀጥጣል። በዚህ ሁሉ መሐል የለንደን ፖሊስ ፈረሶች ቆመዋል። ሕፃናት ሊዳስሷቸው ይጠጋሉ፤ ሞቅ ያለው ደጋፊ ስልኩን አውጥቶ አፍንጫቸው ሥር ፎቶ ይነሣል። ፈረሱ አንዱን የኋላ እግሩን አሳርፎ፣ ታችኛውን ከንፈሩን አንጠልጥሎ ያያቸዋል። ፈረስ የሚያውቅ ሰው ከጫጫታው ሁሉ ይልቅ የሚደነቀው በዚህች እግር ነው። አንድ እግሩን ያሳረፈ ፈረስ ለመሮጥ አላሰበም።

ይህ እርጋታ አብሮት የተወለደ አይደለም። ለማረጋገጥ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በዚሁ መንገድ ላይ የሮጠ፣ እንግሊዞች ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሳቁበት አንድ ፈረስ አለ።

ገጣሚው ዊልያም ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1782 ባሳተመው የቀልድ ግጥም ጆን ጊልፒን የሚባል የለንደን ጨርቅ ነጋዴ ከሚስቱ ጋር የጋብቻ በዓሉን ኤድመንተን በሚገኝ የመጠጥ ቤት ሊያከብር ይነሣል። ከመሐል ለንደን ወደ ኤድመንተን የሚወስደው የጥንቱ ጎዳና ሮማውያን የቀየሱት፣ በዛሬው ሰቨን ሲስተርስ የሚያልፈው ነው። ሚስትና ልጆች ሠረገላውን ስለሞሉት ጊልፒን ከወዳጁ ፈረስ ይዋሳል። ሚስትየው ረስታው የሄደችውን ሁለት የሸክላ ጠርሙስ ወይን በቀበቶው ግራና ቀኝ ያንጠለጥላል፤ ከላዩ ረጅም ቀይ ካባ ይደርባል። ፈረሱ በድንጋይ ንጣፉ ላይ ቀስ ብሎ ሄዶ ለስላሳው መንገድ ላይ ሲደርስ ሶምሶማ ይጀምራል። ጋላቢው ይንገላታል፣ ሁለት እጁን ጋማው ላይ ይተክላል። ሶምሶማው ግልቢያ ይሆናል። ባርኔጣው ይበራል፣ ካባው ይበራል፣ ጠርሙሶቹ ይጋጫሉ፣ ውሻ ይጮኻል፣ ልጅ ይንጫጫል፣ የመንገድ ቀረጥ ሰብሳቢዎች ሰውየው የሚሽቀዳደም መስሏቸው በሩን ይበረግዱለታል። ኤድመንተን ሲደርስ ሚስቱ ከሰገነት ላይ ብትጮኽም ፈረሱ አይቆምም፤ የባለቤቱ ቤት ዌር ነውና ገና አሥር ማይል ይቀረዋል። ከዌር ሲመለሱም አህያ ሲያናፋ ይደነብርና ያንኑ መንገድ ሽምጥ ይጋልባል።

በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ የሚለውን ተረታችንን ኩፐር ሰምቶት አያውቅም፤ ግጥሙ ግን ራሱ ነው። ሳቁን ትተን በፈረሱ ዓይን ብናየው ፈረሱ አንድም ስሕተት አልሠራም። ጋላቢው እንዳይወድቅ ጭኑን ሲያጣብቅ ፈረሱ የሰማው "ሂድ!" የሚለውን ምልክት ነው። ሁለቱ እጆች ጋማውን ሲይዙ የሚመራው ሰው የለም። ከጎኑ የሚጋጭ፣ ከኋላው የሚርገበገብ ነገር አለ። እንዲህ ሲሆን ለሚሊዮን ዓመታት ፈረስን ከአውሬ ያዳነው አንድ ዘዴ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ መሮጥ፣ ከዚያ ማሰብ።

የፈረስ ዓይን ከየብስ አጥቢ እንስሳት ሁሉ ትልቅ ከሚባሉት አንዱ ሲሆን በጭንቅላቱ ጎንና ጎን በመቀመጡ ዙሪያውን 350 ዲግሪ ገደማ ያያል። የማያየው ከግንባሩ ፊት ጠባብ ቦታና ልክ ከጅራቱ ኋላ ነው። ቀይን እንደኛ አይለይም፤ ዓለሙ በአብዛኛው ሰማያዊና ቢጫ ነው። ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲገባ ዓይኑ የሚላመደው ከሰው ዘግይቶ ነው፤ ስለዚህ እኛ ምንም የማይመስለን የድልድይ ሥር ጥላ ለሱ ጉድጓድ ሊሆን ይችላል። ጆሮዎቹ እየብቻቸው ይዞራሉ፣ እኛ የማንሰማውን ቀጭን ድምፅም ይሰማሉ። ቆዳው አንዲት ዝንብ ስታርፍበት የሚያውቅ ነው። እንዲህ ባለ እንስሳ ጀርባ ላይ የተቀመጠ ሰው ፍርሃቱን ደብቄያለሁ ቢል ራሱን ነው የሚያታልለው።

የስዊድን ተመራማሪዎች ይህን በቀላል ሙከራ አሳይተዋል። ሊንዳ ኪሊንግና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ፈረስ እየሳቡ ወይም እየጋለቡ አንድን ቦታ አራት ጊዜ እንዲያልፉ ተደረገ። በአራተኛው ዙር ላይ "አሁን ጃንጥላ ድንገት ይከፈታል" ተባሉ። ጃንጥላው አልተከፈተም። የሰዎቹ የልብ ምት ግን ጨመረ፤ ስለ ጃንጥላ ምንም ያልሰማው ፈረስም ልቡ አብሮ ፈጠነ። ከሁሉ የምትበልጥብኝ ዝርዝር ሌላ ናት፤ የሚጋልቡት ሰዎች ሳያውቁት ዛባቸውን አሳጠሩ። ዛቡ ሲያጥር ልጓሙ አፍ ውስጥ ይጠብቃል፣ ፈረሱም ጋላቢዬ የሆነ ነገር አይቷል ብሎ ይደመድማል። ብዙ ሰው "ፈረሴ እዚህ ጥግ ላይ ሁልጊዜ ይደነብራል" ሲል የሚያወራው ስለ ገዛ እጁ ነው።

ከሰቨን ሲስተርስ ወደ ደቡብ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ብንሄድ ስቶክ ኒውንግተን እንደርሳለን። አና ሲዌል በልጅነቷ የኖረችው እዚህ ነው። በ14 ዓመቷ ከትምህርት ቤት በዝናብ ስትመለስ ወድቃ ቁርጭምጭሚቷን ተጎዳች፤ ከዚያ በኋላ እንደ ልቧ መራመድ አልቻለችም። የትም ብትሄድ በፈረስ ጋሪ ነበርና ዕድሜዋን ሙሉ ፈረሶችንና የሚነዷቸውን ሰዎች ስታይ ኖረች። "ብላክ ቢዩቲ" የተባለውን ብቸኛ መጽሐፏን እ.ኤ.አ. በ1877 አሳተመች፣ በወራት ውስጥ በ1878 ሞተች። ብዙ ሰው የልጆች መጽሐፍ ይለዋል። እሷ የጻፈችው ግን ፈረስ ለሚያሠሩ ሰዎች ነበር፤ የፈረሱን ራስ ለማማር ሲባል ወደ ላይ ወጥሮ የሚይዘው ጠፍር እንዲቀር ትፈልግ ነበር።

በመጽሐፉ ውስጥ እኔን የምትይዘኝ ዋናው ጥቁር ፈረስ ሳይሆን ጂንጀር የምትባለው ዳማ ባዝራ ናት። ትነክሳለች፣ ትራገጣለች፣ ማንም አያምናትም። ሲገሯት በጉልበት ነበር፤ ወንዶች ከብበው ይዘው ልጓሙን በግድ አፏ ውስጥ ከተቱት። ወደ አንድ ደግ ጌታ ቤት ስትመጣ ባልደራሱና ረዳቱ አይመቷትም፣ አይቸኩሉባትም። ቀን በቀን ትለሰልሳለች። ቀጥሎ በተሸጠችበት የትልቅ ሰው ግቢ ያ ጠፍር ሲመጣባት ግን የዓመታት ድካም በአንድ ወቅት ይፈርሳል፤ መጨረሻዋም የለንደን የኪራይ ሠረገላ ላይ ነው። ሲዌል ማንም አሠልጣኝ ለደንበኛው ደፍሮ የማይነግረውን ነው የጻፈችው፦ እምነት አንድ ጊዜ ተገንብቶ የሚቀመጥ ሀብት አይደለም፣ ቀጣዩ እጅ ሊያፈርሰው ይችላል።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 2024 ጠዋት የተገነባው እንዴት በቅጽበት እንደሚናድ መላው ዓለም በስልኩ አየ። የንጉሡ ክብር ዘበኛ ፈረሶች ቤልግሬቪያ በሚባለው ሰፈር ልምምድ ላይ ሳሉ ከአንድ ግንባታ ላይ የኮንክሪት ፍርስራሽ ከከፍታ ተጣለ። ፈረሶቹ በርግገው ጋላቢዎቻቸውን ጣሉ። ቪዳ የተባለው አምባላይ ፈረስ ደረቱ ደም ለብሶ በመሐል ከተማ ሲሮጥ የታየበት ምስል አይረሳም። ከመኪናና ከአውቶቡስ ጋር ተጋጭተው እስከ ምሥራቅ ለንደኑ ላይምሃውስ ድረስ ሄደው ነው የተያዙት። እነዚህ ያልተገሩ ፈረሶች አልነበሩም፤ ባንድና መድፍ የለመዱ ነበሩ። ሥልጠና ፍርሃትን አያጠፋም ማለት ነው። ከመካከላቸው ሦስቱ በሰኔው የንጉሡ የልደት ሰልፍ ላይ ተመልሰው ቆሙ፤ ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ።

የለንደን ሰው ከዚያ የከፋም አይቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ሲዘንብ የፖሊስ ፈረሶች ከመንገድ አልወጡም ነበር። ለእንስሳት ጀግንነት የሚሰጠው የዲኪን ሜዳሊያ እ.ኤ.አ. በ1947 ለሦስቱ ተሰጠ። ሪጋል የሚባለው በረቱ መስዌል ሂል ነበር፤ ሰቨን ሲስተርስን በሚያስተዳድረው በዛሬው የሃሪንጌ ክፍለ ከተማ ውስጥ ማለት ነው። በ1941 በረቱ በተቀጣጣይ ቦምብ ተያያዘ፣ በ1944 ደግሞ በራሪ ቦምብ አጠገቡ ፈንድቶ ጣሪያው ተናደ። ሁለቱንም ጊዜ ሳይበረግግ ቆየ። አፕስታርት ቤትናል ግሪን ላይ መስታወትና ፍርስራሽ እየዘነበበት ሥራውን ቀጠለ። ሦስተኛዋ ኦልጋ ግን የተለየች ናት። ቱቲንግ ውስጥ በራሪ ቦምብ አራት ቤቶችን ሲያፈርስና መስታወት ከፊቷ ሲረግፍ በርግጋ መቶ ያርድ ያህል ሸሸች። ከዚያ ጋላቢዋ መለሳት፤ ወደዚያው ጭስና ፍርስራሽ ገብታ ሰው እንዲቆጣጠርና የተጎዱት እንዲረዱ አብራው ቆመች።

ሜዳሊያውን የሰጡት ሰዎች የሸሸችውንም ካልሸሹት እኩል ማክበራቸው ትልቅ ማስተዋል ነው። እኔ ከሦስቱ ለደንባራ ፈረስ ባለቤት አርአያ አድርጌ የማቀርበው ኦልጋን ነው። የማይፈራ ፈረስ የሚፈልግ ሰው የእንጨት ፈረስ ይግዛ። ሊደከምለት የሚገባው ሩጫው የሚያጥርበትና ፈረሱ ወደ ጋላቢው ጆሮውን የሚመልስበት ጊዜ ነው።

ታዲያ እንዴት ነው የሚደረሰው? ከጥንት ጀምሮ መልሱ ብዙም አልተለወጠም። ግሪካዊው ዜኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት ስለ ፈረስ አያያዝ ሲጽፍ ፈረስን በንዴት አትቅረቡት፣ የሚፈራውን ነገር ራሳችሁ ነክታችሁ አሳዩት፣ በለሆሳስ አስጠጉት፣ ብትመቱት የሚፈራው ነገር ሥቃይ ያመጣበት ስለሚመስለው ፍርሃቱን ታባብሳላችሁ ብሎ መክሯል። ዛሬ የፈረስ ሳይንስ መጻሕፍት በብዙ ገጽ የሚያብራሩት ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ሐኪም ይመጣል። የሚደነብር ፈረስ ብዙ ጊዜ የሚያመው ፈረስ ነው፤ ጥርሱ፣ ጀርባው፣ የማይስማማው ኮርቻ፣ ሆዱ። ሕመሙ ሳይታይ የሚሰጥ ሥልጠና ጭካኔ ነው። ቀጥሎ ሥራው መሬት ላይ ይጀመራል። ፈረሶች እርስ በርስ የሚተካከኩት ጋማው ትከሻ ላይ በሚያልቅበት ቦታ ሲሆን እዚያ ሲታከኩ የልብ ምታቸው እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ስለዚህ ማበጠሪያ ይዞ ግማሽ ሰዓት ከፈረስ ጎን መቆም እንደ ሥራ መፍታት አይቆጠር። ፈረሱን ይዞ መሄድ፣ መቆም፣ ማዞር፣ ወደሚፈራው ነገር ጥቂት ተጠግቶ ሳይሸሽ በፊት መመለስ፣ እንደገና መጠጋት። ጥበቡ ከመጠጋቱ ይልቅ በመመለሱ ላይ ነው። ፈረስ የሚማረው ግፊቱ ሲመጣ ሳይሆን ግፊቱ በሚቆምባት ቅጽበት ነው፤ ዘግይቶ የላላ ልጓም ያስተማረው ሌላ ነገር ነው።

ኮርቻ ላይ ከተወጣ በኋላ ሥራው የበለጠ አሰልቺ ይሆናል፣ አሰልቺ መሆንም አለበት። ዛቡ ይርዘም፤ እጅ ይጽና፤ ዓይን የሚያስፈራውን ነገር ትቶ ከሱ ባሻገር ይመልከት፤ ትንፋሽ ይውጣ። ብዙ ጋላቢ ሲፈራ ትንፋሹን ይይዛል፣ ፈረሱም ያንን ያውቃል። ፈረሱ ሲደነብር አይመታ፣ አይባበል፤ በእርጋታ ሰፋ ያለ ክብ ይዞርና ወደ ሥራው ይመለስ። የተረጋጋች ባዝራ ወይም ያረጀ ፈረስ ከፊት ቢሄድለት ግማሹን ሥራ ያ ይሠራዋል፤ የፖሊስ ወጣት ፈረሶችም መንገድ የሚለምዱት ከነባር ጓደኛ ጎን ነው። በለንደን ፖሊስ የኢምበር ኮርት ማሠልጠኛ ባንዲራውም፣ ኳሱም፣ ጩኸቱም፣ ጭሱም በአንድ ቀን አይመጡም። በሄዱበት መንገድ ሲመለሱ ያው ቆሻሻ መጣያ በሌላ ጎኑ ሲታይ ለፈረሱ አዲስ ነገር ሊሆን እንደሚችል ማወቅም ያስፈልጋል። ትምህርቱ የሚያበቃው ፈረሱ ሲደክመው ሳይሆን ገና ተረጋግቶ ሳለ ነው። ይህ የመጨረሻው ለሰው ከባድ ነው፤ ጥሩ ሲሄድልን አንድ ጊዜ ብቻ ልድገመው እንላለን፣ ያቺ አንድ ጊዜም ናት የምታበላሸው።

ይህን ሁሉ ስጽፍ እንጅባራ በዓይኔ ይመጣል። የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ ይነገርለታል፤ አባላቱም ከ60 ሺህ በላይ እንደሆኑ ይገለጻል። እንዲያ ከሆነ የቶተንሃምን ስታዲየም ከሞላ ጎደል ይሞላሉ፤ ያውም ፈረሶቻቸውን ውጭ አስረው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ያሸበረቁ ፈረሶች በሺዎች ተሰልፈው በእልልታ፣ በፉከራና በአቧራ መካከል ይጋልባሉ። ሰቨን ሲስተርስ ስሙን ያገኘው ፔጅ ግሪን ላይ አንድ ዛፍ ከብበው ከቆሙ ሰባት የኤልም ዛፎች ነው፣ የአገው ሰባት ቤቶችም ከሰባት ወንድማማቾች እንደመጡ ይተረካል፤ መገጣጠሙ ያስፈግጋል እንጂ ሌላ ነገር የለውም።

ቁም ነገሩ አስተዳደጉ ላይ ነው። የገጠራችን ውርንጭላ እናቱን ተከትሎ ገበያ ይሄዳል፣ ለቅሶ ይሄዳል፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይቆማል። ከበሮና እሪታ ሰምቶ ያድጋል። ኮርቻ ጀርባው ላይ ሲያርፍ ሕዝብ ለሱ እንግዳ ነገር አይሆንም። የለንደን ፈረስ በበረትና በአጥር ውስጥ አድጎ ዓለምን በፕሮግራም ይማራል። እኛ በአስተዳደግ የምንሰጠውን እነሱ በሥልጠና ይሞሉታል፤ በዚህ እንበልጣለን። የማንበልጥበትም አለ። የታች መንጋጋን የሚከብ ቀለበት ያለው የአገራችን የብረት ልጓም በጠንካራ እጅ ከተያዘ አፍ ያቆስላል። በከተሞቻችን ጋሪ የሚጎትቱ ፈረሶች ትከሻና አፍ ቁስል ሲዌል ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በለንደን ያየችው ነው። ዋና ጽሕፈት ቤታቸው እዚያው እንግሊዝ አገር የሆነ ስፓናና ብሩክ የተባሉ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ኢትዮጵያ ውስጥ የጋማ ከብት ሕክምናና የባለጋሪዎች ትምህርት ላይ ሲሠሩ የቆዩት ያለ ምክንያት አይደለም። በፈረሶቻቸው ስም አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነፍሶ ተብለው የተጠሩ ሰዎች አገር ውስጥ የጋሪ ፈረስ እንዲህ መሆኑ ሊያሳፍረን ይገባል።

ሰቨን ሲስተርስና አካባቢው ለሚኖር ወገን ፈረስ ሩቅ አይደለም። ወደ ደቡብ ምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ የሊ ወንዝን ሲሻገር፣ ሊ ብሪጅ ሮድ ላይ፣ የሊ ቫሊ የፈረስ ግልቢያ ማዕከል አለ። "ይህ የሀብታም ፈረንጅ ጨዋታ ነው" የሚል ወላጅ ኻዲጃ መላህን ያስታውስ። የደቡብ ለንደን ሰፈር ልጅ ናት፤ ብሪክስተን ውስጥ ለሠፈር ልጆች በተቋቋመው የኢቦኒ ሆርስ ክለብ ተምራ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2019 በጉድውድ የማግኖሊያ ዋንጫ ውድድርን ሂጃቧን እንደለበሰች ሃቨርላንድ በተባለ ፈረስ አሸነፈች። ያን ጊዜ 18 ዓመቷ ነበር።

ልጅዎን ሊያስመዘግቡ የሄዱ ዕለት ስለ ዋጋው ከመጠየቅዎ በፊት አጥሩ ዳር ቆመው አንድ ትምህርት እስከ መጨረሻው ይመልከቱ። የአስተማሪውን እጅ ይዩ። ልጆቹ ከመውጣታቸው በፊት ፈረሱን ያበጥራሉ ወይስ ተሰቅለው ወዲያው ይነዳሉ? አንድ ፈረስ እስኪደነብር ይጠብቁ፤ አይቀርም። አስተማሪው ትንፋሹን አውጥቶ በክብ ካዞረውና ሥራውን ከቀጠለ ያስመዝግቡ። አለንጋ ካነሣ የልጅዎን እጅ ይዘው ወደ ቤትዎ ይመለሱ።